የዘወትር ልብስን በራስ እጅ መሥራት፦ ከስፌትና ከኪሮሽ ተሞክሮዬ

በየዕለቱ ከምለብሳቸው ልብሶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው ራሴ ነኝ። ሸሚዝ፣ ሱሪና ጉርድ ቀሚስ በስፌት መኪና እሰፋለሁ፤ ከላይ የሚደረብ ሹራብ፣ ኮፍያና የአንገት ልብስ ደግሞ በኪሮሽ እሠራለሁ። መተዳደሪያዬ ሌላ ነው። ስፌቱ ከሥራ መልስ ቤቱ ጸጥ ሲል የምቀመጥለት፣ ከልቤ የምወደው ነገር ነው። ይህን የምጽፈው ልብሳቸውን በራሳቸው እጅ መሥራት ለሚፈልጉ፣ በተለይም ጀምረው የሠሩት ልብስ ሳይለበስ ቁም ሣጥን ውስጥ ለቀረባቸው ሰዎች ነው።

የኋለኞቹን ሳነጋግር የምሰማው ተመሳሳይ ነው። ስፌታቸው ቀጥ ያለ፣ ቅምቅማታቸው ንጹሕ፣ ኪሮሻቸው ዓይን የሚስብ ነው፤ ልብሱ ግን አይለበስም። እኔ እንደማምነው አንድ ልብስ የዘወትር ልብስ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው መርፌው ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ነው። ምን ዓይነት ልብስ፣ ከምን ጨርቅ፣ በምን ልክ የሚሉት ጥያቄዎች በትክክል ከተመለሱ መካከለኛ የእጅ ሙያ ያለው ሰው እንኳ ለዓመታት የሚያገለግል ልብስ ይሠራል። እነዚህ ከተሳቱ ግን የትኛውም ጥንቅቅ ያለ ስፌት ልብሱን አያድነውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቁም ሣጥን ፊት ነው። ታጥቦ እስኪደርቅ የምትጠብቁት፣ ጠርዙ እስኪሳሳ የለበሳችሁት የትኛው ልብስ ነው? አውጡትና አልጋ ላይ ዘርጉት። ጨርቁ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ይለጠጣል ወይስ አይለጠጥም? አንገቱ ምን ያህል ክፍት ነው? እጅጌው የት ላይ ያበቃል? ኪሱ እጃችሁ በሚያርፍበት ቦታ ነው? መልሱን በማስታወሻ ያዙት። ከዚያ አንድም ቀን ያልለበሳችሁትን አውጥታችሁ በተመሳሳይ መንገድ መርምሩት። ይህን ስታደርጉ የምትወዱት ቀለምና የምትለብሱት ቀለም፣ ሲያዩት የሚያምራችሁ ቅርጽና ሰውነታችሁ የሚመቸው ቅርጽ የተለያዩ መሆናቸውን ታያላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻችሁ መምሰል ያለባቸው ያረጀውን ልብስ ነው። ለግብዣ የሚሆን ባለ ገበር ቀሚስ ልብ ያንጠለጥላል፤ እኔም መሥራቱን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ለሚለበስ ልብስ የሚፈሰው ጊዜ ለዘወትር ልብስ ቢውል የሚሰጠው ደስታ በየማለዳው ነው።

ያ ያረጀ ልብስ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከእርሱ የተሻለ ፓተርን፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ፣ ለጀማሪ አይገኝም። ሰውነታችሁ አስቀድሞ ፈትሾታል። ልብሱን ሳትፈቱ መቅዳት ይቻላል። ሰፊ ወረቀት ካርቶን ላይ አንጥፉ፤ ልብሱን በግማሽ አጥፋችሁ ከላይ አስተኙት፤ ሳይወጠርና ሳይሸበሸብ በእጅ መዳፍ አስተካክሉት። ከዚያ በየስፌቱ መስመር ላይ ስፒል ቀጥ አድርጋችሁ እስከ ካርቶኑ እየወጋችሁ ሂዱ፤ ቀጥ ባለው መስመር ላይ አራርቃችሁ፣ ብብትና አንገት ዙሪያ ግን አቀራርባችሁ። ልብሱን ስታነሱ ወረቀቱ ላይ የቀዳዳ መስመር ይቀራል፤ እርሱን በእርሳስ ማገናኘት ነው። በዙሪያው ለስፌት 1.5 ሳንቲሜትር፣ ለታችኛው ቅምቅማት ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር ጨምሩ። በመጨረሻም የሚጋጠሙትን መስመሮች በሜትር ለኩ፤ የፊቱ ትከሻ ከኋላው ትከሻ፣ የፊቱ ጎን ከኋላው ጎን ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ልብሱ ሲዘረጋ ተጎትቷል ማለት ነውና ያንን ክፍል እንደገና ቅዱት። ያረጀ ልብስ ጉልበቱና ክርኑ ላይ ለጥጦ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ፤ እዚያ ላይ መስመሩን ቀና አድርጉት።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፓተርንም እጠቀማለሁ። በተለያየ መጠን የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በተሪክ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1863 ነበር። በቤቱ የሚሰፋ ሰው ልክ ማውጣት ሳይማር ልብስ እንዲሠራ በር የከፈተ ነገር ነው። ሆኖም ማንኛውም የተዘጋጀ ፓተርን የተሠራው ለአማካይ ሰውነት ነው፤ አማካይ ሰውነት ያለው ሰው ደግሞ እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትከሻው ከአንዱ መጠን፣ ዳሌው ከሌላው መጠን የሚገጥም ሰው በጣም ብዙ ነው። ይህ የሰውነት ጉድለት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ከመጠን ወደ መጠን መስመሩን በቀስታ እያሻገሩ መሳል ብቻ ይበቃዋል። የፓተርኑ ቁጥርም ከሱቅ ልብስ ቁጥር ጋር አይገናኝምና ቁጥሩን ትታችሁ ሜትሩን እመኑ። ለሴቶች አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር፦ ከብብት በታች ከጡት በላይ ያለውን የደረት ዙሪያና በጡት ላይ የሚያልፈውን ዙሪያ ለየብቻ ለኩ። ልዩነቱ ከ5 ሳንቲሜትር የሚበልጥ ከሆነ መጠኑን በላይኛው ልኬት ምረጡና ጡት ላይ ብቻ አስፉት። በትልቁ ልኬት ከመረጣችሁ ትከሻውና አንገቱ ይሰፋል፤ የሰፋ ትከሻን ማጥበብ ደግሞ ጡት ላይ ከማስፋት በጣም ይከብዳል።

አሁን ወደ ሱሪ ልምጣ። ብዙዎች የሚፈሩት ልብስ እርሱ ነውና ሰፋ አድርጌ ልጻፍበት። ሱሪ ከመቁረጤ በፊት ከርካሽ አቡጀዲ የሙከራ ሱሪ እሰፋለሁ፤ ዚፕና ኪስ የለውም፤ ወገቡ በስፒል ይያዛል፤ የስፌቱ ርዝመት ቶሎ እንዲተረተር 4 ሚሊሜትር ይሆናል። በቅድሚያ ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ከወገብ እስከ ወንበሩ ድረስ በጎን በኩል ለኩ፤ በዚህ ላይ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ሲጨመር የብሽሽቱ ጥልቀት ይገኛል። ቀጥሎ የሙከራውን ሱሪ ለብሳችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። ሽብሽቡ ይናገራል። ዳሌ ወይም ሆድ ላይ አግድም የተወጠሩ መስመሮች ካሉ እዚያ ቦታ ላይ ስፋት አንሷል፤ የጎኑን ስፌት ፍቱና ጨርቁ ራሱ ምን ያህል እንደሚከፈት ተመልከቱ፤ የተከፈተው ልክ የሚጨመረው ልክ ነው። ከብሽሽቱ ተነስተው ወደ ዳሌ ሽቅብ የሚበተኑ መስመሮች ከታዩ ከእግር እግር የሚያልፈው ኩርባ አጥሯል፤ የኋለኛውን ክፍል በውስጠኛው የጭን ስፌት በኩል ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር አስረዝሙት። ስትቀመጡ ወገቡ ከኋላ ወደ ታች የሚጎተት ከሆነ ከኋላ መሀል ያለው ቁመት አንሷል፤ ፓተርኑን ዳሌ ላይ አግድም ቆርጣችሁ የኋላውን መሀል ወደ 2 ሳንቲሜትር ክፈቱት፤ ጎኑ ግን እንደነበረ ይቆይ። ቁልቁል የሚወርድ ልል እጥፋት ደግሞ ስፋቱ መትረፉን ያሳያል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ቦታ ከነካችሁ የትኛው እንዳስተካከለው አታውቁም። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ተቀመጡ፣ ቁጢጥ በሉ፣ ደረጃ ውጡ፣ የወደቀ ዕቃ አንሱ፤ ቆሞ ብቻ የተለካ ሱሪ ለቆመ ሰው ብቻ ይሆናል። ልኩ ሲገኝ ለውጡን ሁሉ ወደ ጠንካራ ወረቀት አዛውሩት። ይህ ወረቀት ከዚያ በኋላ ሀብታችሁ ነው። እኔ ከአንድ የሱሪ ፓተርን ሰፊ የቤት ሱሪ፣ የሥራ ሱሪና ቁምጣ አወጣለሁ፤ የሚለዋወጠው የእግሩ ስፋት፣ ወገቡና ጨርቁ ነው። አዲስ ፓተርን ሁልጊዜ የሚያሳድድ ሰው ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዱን አጥብቆ የያዘ ግን በየጊዜው እየተሻሻለ ይሄዳል።

ጨርቅ ስመርጥ ቀለሙን በመጨረሻ አያለሁ። መጀመሪያ ጫፉን ይዤ ወደ ታች እለቀዋለሁ፦ ይፈሳል ወይስ ተገትሮ ይቆማል? የሚፈስ ጨርቅ ለሽብሽብ ቀሚስና ለሰፊ ሱሪ፣ ቀጥ የሚል ጨርቅ ለሸሚዝ ኮሌታና ለባለ ቅርጽ ጉርድ ይሆናል። ከዚያ በጭብጤ ጥቂት ጨምቄ እከፍተዋለሁ፤ ጭምድድ ብሎ የቀረ ጨርቅ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበትም እንደዚያው ይሆናል። ወደ ብርሃን አንስቶ ማየትም ያስፈልጋል፤ ድርና ማጉ የሳሳ ጨርቅ ስፌቱ ላይ ቶሎ ይበጣጠሳል። ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ብጣሽ ሲያጋጥመኝ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዤ በመቆንጠጫ ይዤ የብረት ሳህን ላይ አቃጥለዋለሁ፤ ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱም ለስላሳ ነው። ሱፍ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይህን ማወቅ የካውያውን ሙቀትም የአስተጣጠቡንም ነገር ይወስናል።

ጨርቁ ቤት ሲገባ፣ ከመቆረጡ በፊት፣ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ይታጠባል። የጥጥ ጨርቅ በመጀመሪያ እጥበት ከመቶ 3 እስከ 5 ሊገባ ይችላል፤ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ሱሪ ላይ ይህ እስከ 5 ሳንቲሜትር ማለት ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ሱሪ ወደ ባት ይወጣል። ከታጠበ በኋላ የድሩን አቅጣጫ እፈልጋለሁ። ድሩ ከጨርቁ ዳር ጋር ትይዩ ሆኖ ይሄዳል፤ ብዙም አይለጠጥም፤ ስለዚህ በሰውነት ላይ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ ይደረጋል። በ45 ዲግሪ ያዘነበለው አቅጣጫ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይለጠጣል፤ ለአንገት ጠርዝ የሚሆነውን ቀጭን ቅዳጅ የምቆርጠው ከዚያ አቅጣጫ ነው፤ ኩርባውን ሳይሸበሸብ ይከተላል። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ፓተርኑ ጠመም ተደርጎ ከተቀመጠ የሱሪው እግር በመጀመሪያው ሳምንት ይጠመዘዛል፤ ይህንን ካውያም እጥበትም አያስተካክለውም።

ስለ መኪናው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ስፌትና ዚግዛግ የሚሰፋ፣ ጠንካራና በየጊዜው የሚጸዳ መኪና ለዘወትር ልብስ ይበቃል። ይሁን እንጂ እንዴት እንደሚሰፋ መረዳት ብዙ ችግር ያቃልላል። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሠራር ዛሬም በቤታችን መኪና ውስጥ አለ፤ ዓይኑ ጫፉ አጠገብ ያለ መርፌ የላይኛውን ክር ይዞ ይወርዳል፣ ከታች ካለው ሁለተኛ ክር ጋር ይቆላለፋል። መቆላለፊያው በጨርቁ ውፍረት መካከል ሲደበቅ ስፌቱ ጥሩ ነው። የታችኛው ክር በላይኛው ገጽ ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ክር ከልክ በላይ ጠብቋል፤ የላይኛው ከታች በኩል ተንዘላዝሎ ከታየ ላልቷል፣ ወይም ክሩ በመንገዱ ላይ በትክክል አልገባም። በዚህ ጊዜ ማስተካከያውን ከመጠምዘዝ በፊት ክሩን አውጥቶ የመኪናውን እግር አንስቶ እንደ አዲስ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

መርፌ ላይ አትቆጥቡ። ለስስ ጨርቅ 70/10፣ ለመካከለኛ ጥጥ 80/12፣ ለጂንስ 90/14 ወይም 100/16 ይስማማል። ለካናቴራ ጨርቅ ግን ጫፉ የደነዘ መርፌ አለ፤ ክሩን ከመብሳት ይልቅ ገፋ አድርጎ በመካከሉ ያልፋል። ስል መርፌ በተለጣጭ ጨርቅ ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቀዳዳው ሲታጠብ ይሰፋል። ተለጣጭ ጨርቅ በቀጥታ ስፌት ከተሰፋም አንገት ሲገባ ክሩ ይበጠሳልና ስፋቱ 0.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ጠባብ ዚግዛግ ተጠቀሙ፤ ለዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሲጎተት ግን አብሮ ይለጠጣል።

ካውያ ከመኪናው እኩል ይሠራል ብል ማጋነን አይደለም። አንዱ ስፌት ሳይተኮስ ሌላ ስፌት አያቋርጠው። በስፌት ጊዜ መተኮስ ልብስ ለመልበስ ከመተኮስ ይለያል፤ ካውያውን አንስቶ ማሳረፍ ነው፤ መግፋት ጨርቁን ይለጥጠዋል። መጀመሪያ ስፌቱን እንደተሰፋ ጠፍጣፋ ተኩሱት፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ተኩሱት። በቤት የተሰፋ ልብስ ከሩቅ የሚታወቀው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ከውስጥ በኩል ጠርዙን መዘምዘም አለባችሁ፤ አለዚያ ይተረተራል። ለስስ ሸሚዝ እኔ የምወደው የተደበቀውን ድርብ ስፌት ነው። ጨርቁ በመልካም ገጹ ወደ ውጭ ሆኖ በ0.5 ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ ይከረከማል፤ ይተኮሳል፤ ከዚያ ተገልብጦ በ1 ሳንቲሜትር እንደገና ይሰፋል። ሁለቱ ሲደመሩ የታሰበው 1.5 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል፤ ልብሱ ቢገለበጥ እንኳ ንጹሕ ነው።

እጅጌ ማስገባት ብዙ ሰው የሚማረርበት ሥራ ነው። ምክንያቱ የእጅጌው አናት ከሚገባበት ክብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ስለሚረዝም ነው፤ ትርፉ ትከሻው ዞሮ እንዲወርድ ታስቦ የተተወ ነው። አናቱ ላይ በ4 ሚሊሜትር ስፌት ሁለት ትይዩ መስመር አስኬዳለሁ፤ ክሩን ቀስ ብዬ ስቤ ትርፉን አከፋፍላለሁ፤ ግልጽ ሽብሽብ ሳይታይ በእንፋሎት አስተኛዋለሁ። ከዚያ እጅጌውን ከታች በኩል አድርጌ እሰፋለሁ፤ የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ጨርቅ ፈጠን አድርጎ ስለሚስበው ትርፉን ይውጠዋል። ለዘወትር ሸሚዝ ግን ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ አናቱ ዝቅ ያለ እጅጌ መርጣችሁ ጎኑ ሳይዘጋ በፊት፣ ሁሉም ተዘርግቶ እያለ ስፉት፤ ከዚያ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ልብሱ ታች በአንድ ስፌት ዝጉት።

ኪሮሽ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ ጨርቁን ራሳችሁ ትፈጥሩታላችሁ፤ ስለዚህ የጨርቅ ምርጫ የሚባለው ነገር ሁሉ ወደ ክሩና ወደ መርፌው መጠን ይዛወራል። ኪሮሽ የጀመሩ ሰዎች የመጀመሪያ ሹራባቸው እንደ ሰሌን ተገትሮ ሲቆም ተስፋ ይቆርጣሉ። መፍትሔው ቀጠን ያለ ክር ከወፈር ያለ መርፌ ጋር ነው። የክሩ መጠቅለያ 4 ሚሊሜትር መርፌ የሚል ከሆነ ለልብስ 4.5 ወይም 5 ሞክሩ። በየቀለበቱ መካከል አየር ሲገባ ጨርቁ ይፈሳል፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

ከሁሉም በፊት ናሙና ይሠራል። 15 በ15 ሳንቲሜትር የሚሆን ካሬ በምትሠሩበት ክር፣ መርፌና አሠራር ሥሩ፤ እጠቡት፤ አድርቁት፤ ከዚያ በመካከሉ 10 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ቀለበት እንዳለ ቁጠሩ። ስሌቱን በቁጥር ላሳይ። በመመሪያው 10 ሳንቲሜትር ላይ 16 ቀለበት ካለና የሹራቡ ደረት 100 ሳንቲሜትር ከሆነ ዙሪያው 160 ቀለበት ይሆናል። እጃችሁ ላላ ብሎ በ10 ሳንቲሜትር 15 ቢያወጣ ያው 160 ቀለበት 107 ሳንቲሜትር ያህል ይወጣዋል፤ እጃችሁ ጠበቅ ብሎ 17 ቢያወጣ 94 ሳንቲሜትር ይሆናል። በናሙናው ላይ ከቁጥር የማይገባ የምትመስል የአንዲት ቀለበት ልዩነት ሰውነት ላይ ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ትሆናለች። ከዚያ በኋላ መርፌውን መቀየር ወይም በራሳችሁ ቁጥር ማስላት ነው፤ የደረቱን ስፋት በ10 አካፍላችሁ በቀለበታችሁ ቁጥር አባዙት።

ናሙናው ሌላም ይነግራችኋል። ታችኛው ጠርዙ ላይ ጥቂት መርፌ ቁልፍ አንጠልጥላችሁ ሌሊቱን ሰቅላችሁ አሳድሩትና በማግሥቱ እንደገና ለኩት። በኪሮሽ የተሠራ ልብስ በራሱ ክብደት ይረዝማል፤ በተለይ ጥጥ፣ ምክንያቱም ጥጥ ከባድ ነው፣ ወደ ነበረበት የመመለስ አቅሙም ደካማ ነው። ናሙናው ከረዘመ ሹራቡን በዚያው መጠን አሳጥራችሁ ጀምሩ። ትከሻው ላይ ከውስጥ በኩል የማይለጠጥ ቀጭን ጥብጣብ በእጅ ብትሰፉበት ክብደቱን ይሸከማል። የተጠናቀቀውንም በመስቀያ ላይ አታንጠልጥሉት፤ አጥፋችሁ አስቀምጡት።

ሱፍ ይሞቃል፣ ሲለጠጥም ይመለሳል፤ ሆኖም በሙቅ ውሃ ከታሸ ተጠቅጥቆ ይጠባል፣ ያንን መመለስ አይቻልም። አክሪሊክ ቀላልና ለማጠብ የማያስቸግር ነው፤ ካውያ ሲያርፍበት ግን ይሞታል፣ ጨርቁ ሕይወቱን አጥቶ ይዘረጋል። ጥጥ ለቀዝቃዛ እጅጌ አልባ ልብስ ደግ ነው። ክር ስትገዙ በመጠቅለያው ላይ የተጻፈውን የማቅለሚያ ቁጥር አመሳክሩና ለልብሱ የሚበቃውን ሁሉ አንድ ላይ ውሰዱ፤ ስሙ አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተቀለመ ልቃቂት ደረቱ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። አንድ ተጨማሪ ልቃቂት መያዝም አይከፋም፤ ለወደፊት መጠገኛ ይሆናል።

ለመጀመሪያ ሹራብ ከአንገት ወደ ታች የሚወርደውን አሠራር እመክራለሁ። ከአንገቱ ተነስቶ በአራት ቦታ እየሰፋ ይሄዳል፤ ብብት ሲደርስ እጅጌዎቹ ለብቻ ተትተው ገላው በክብ ይቀጥላል። ጥቅሙ በየደረጃው እየለበሱ ማየት መቻሉ ነው፤ ቁመቱን መስታወት ፊት ትወስናላችሁ። ከልብስ በላይ የሚደረብ ከሆነ ከደረታችሁ ልክ በላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ትርፍ ስጡት። የመነሻውን ሰንሰለት ከሌላው በአንድ መጠን ወፍራም በሆነ መርፌ ጀምሩት፤ አለዚያ ጠርዙ ይሸመቀቅና ጭንቅላት አያስገባም። ሲያልቅ ውሃ አስነክታችሁ፣ በፎጣ ጨምቃችሁ፣ በልኩ ዘርግታችሁ በስፒል ይዛችሁ አድርቁት። ቀለበቶቹ እኩል ይሆናሉ፤ ልብሱም ልብስ ይመስላል።

ሁለቱን ሙያዎች የሚያውቅ ሰው የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን መለየት አለበት። በየጊዜው የሚታጠብ፣ የሚታሽ፣ ሰውነት የሚነካ ልብስ ለስፌት ይቀመጥ። ሙቀት የሚሰጥና ከላይ የሚደረብ ነገር ለኪሮሽ። ኪሮሽ ሱሪና ጠባብ ጉርድ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ለዓይን ያምራል፤ ከአንድ ሰዓት መቀመጥ በኋላ ግን ጉልበቱና መቀመጫው ይጎብጣል። የሚያስደስተኝ ሁለቱ ሲገናኙ ነው፦ በተሰፋ ሸሚዝ አንገት ላይ ጠባብ የኪሮሽ ክፈፍ፣ በኪሮሽ ሹራብ ውስጥ ከጨርቅ የተሰፋ ኪስ። ኪሮሽ ኪስ ይዘረጋል፤ የጨርቅ ኪስ ቁልፍና ስልክ ይችላል። ክፈፉን ለመጀመር የሸሚዙን ጠርዝ በእጅ በብርድ ልብስ ስፌት እዘመዝማለሁ፤ የኪሮሹ መርፌ በእነዚያ የክር ድልድዮች ውስጥ ይገባል፤ ጨርቁ አይበሳም።

በርካሽ ለመልበስ ብላችሁ የምትጀምሩ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጥሩ ጨርቅና ጥሩ ክር ተገዝቶ የሚሠራ ልብስ ብዙ ጊዜ ከተዘጋጀው አይረክስም። የሚገኘው ትርፍ ልክ ነው፣ የጨርቅ ጥራት ነው፣ ኪስ በፈለጉበት ቦታ ማግኘት ነው። ጊዜውን ደግሞ እከፋፍለዋለሁ። መቁረጥ ሰፊ ቦታና ንቁ ዓይን ስለሚፈልግ ለዕረፍት ቀን ጠዋት ይቆያል፤ ሲደክመኝ መቀስ አላነሳም። ስፌቱ በምሽት በምሽት ይሄዳል፣ አንድ ቀን ኪስ፣ ሌላ ቀን ኮሌታ። ኪሮሹ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ወረፋና መንገድ ላይ አብሮኝ ይውላል። አንጓ ሲሞቅ ወይም አውራ ጣት ሲደነዝዝ ወዲያው አቁሙ፤ መርፌውን እንደ እርሳስ የምትይዙ ከሆነ እንደ ቢላዋ ይዛችሁ ሞክሩ፤ እጀታው ወፍራም የሆነ መርፌም ጣትን ያሳርፋል። ጥቁር ጨርቅና ጥቁር ክር በቀን ብርሃን ይሠራ።

ሰውነት ይለዋወጣል፤ በራስ እጅ የተሠራ ልብስ ደግሞ አብሮ ሊለወጥ ይችላል። ሱሪ ስቆርጥ የኋላውን መሀል ስፌት 1.5 በማድረግ ፈንታ 2.5 ሳንቲሜትር እተዋለሁ፤ ወገቡንም የምሰፋው ግራና ቀኙ ለየብቻ ሆኖ ከኋላ መሀል በአንድ ስፌት እንዲዘጋ አድርጌ ነው። ማስፋት ሲያስፈልግ ያንን አንድ መስመር ተርትሮ እንደገና መስፋት ይበቃል። የፓተርኑን ወረቀት ስጠቀልል በላዩ ላይ የተጠቀምኩበትን ጨርቅ ዓይነት፣ የመርፌውን ቁጥር፣ የት ላይ ስንት ሳንቲሜትር እንደጨመርኩና ከብዙ እጥበት በኋላ ልብሱ ምን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ ከዚያው ጨርቅ አንድ ትንሽ ቁራጭም በስፒል አያይዘዋለሁ። ለኪሮሹም እንደዚሁ፤ ናሙናውን፣ የክሩን መጠቅለያና ቁጥሩን በአንድ ፖስታ። ቀጣዩን ልብስ የምጀምረው ከዚያ ማስታወሻ ነው።